ጎንደርን ከመስኮት ማየት ይብቃን

ዛሬ ስለ ምንዛሪም፣ ስለ ኬላም፣ ስለ በርበሬ ዋጋም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ዕረፍት ነው። «በዚህ ጊዜ?» የሚል ይኖራል፤ ለእሱም ወደ ኋላ መልስ አለኝ። እስከዚያ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። አሜሪካ ቴክሳስ የምትኖር የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር ለአምስት ቀን ሜክሲኮ ሄዳ የተነሳችውን ላከችልኝ። ከኋላዋ ከሮዝ ድንጋይ የተሠራ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከተማዋ ሳን ሚጌል ዴ አዬንዴ ትባላለች። ያረፉት የድሮ ባለጸጋ መኖሪያ በነበረ፣ አሁን ሆቴል በሆነ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው መሐል ፏፏቴ አለ፣ ሰገነቱ ላይ ቁርስ ይቀርባል። ጉዞውን ለማቀድ ስድስት ወር እንደፈጀባቸው ነገረችኝ። እኔም «ጎንደርን ትመስላለች» ብዬ መለስኩላት።

እሷም በቅንነት ጠየቀችኝ፤ «አክስቴ፣ ጎንደር ስትሄጂ የት ነው የምታርፊው?»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። በመተማና በጎንደር በኩል ስመላለስ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ያረፍኩት ሁልጊዜ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ በአንድ ክፍል ሦስት ሴቶች ሆነን፣ ኬሻችንን አልጋው ሥር አስገብተን፣ ሌሊት አሥር ሰዓት መኪናው እንዲያመልጠን ስለማንፈልግ ልብሳችንን ሳናወልቅ። የፋሲል ግንብን ያየሁት ከሚኒባስ መስኮት ነው፣ ለዚያውም መንገዱ ሲጨናነቅ። አንድ ቀን እንኳ ትኬት ቆርጬ ገብቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር የደረሰው እዚሁ ኒው ሀልፋ ነው። ቡና የማደርስላት አንዲት ኑብያዊት ሀቦባ አለች። የዚህን ከተማ ታሪክ ልጆቻችሁ ላያውቁት ስለሚችሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። የአስዋን ግድብ ሲሠራ ጥንታዊቷ ዋዲ ሀልፋ በውኃ እንደምትዋጥ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ሃምሳ ሺህ የሚጠጉ ኑብያውያን በባቡር ተጭነው እዚህ መጡ፤ በዚያው ዓመት የኸሽም አልጊርባ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በስም ፈንታ ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች ተሠሩላቸው። ይህች ሀቦባ ያኔ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።

አንድ ቀን ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሀቦባ ለልጄ የድሮዋን ሀልፋ ቤት በቤት ነገረቻት። የትኛው በር ላይ ምን ዓይነት ሥዕል እንደነበረ፣ ግድግዳው ላይ የሸክላ ሳህን እንዴት እንደሚተከል፣ የአባቷ የቴምር ዛፎች ስንት እንደነበሩ፣ በመጨረሻው ቀን ሰዉ መቃብር ለመቃብር እየዞረ እንዴት እንደተሰናበተ። ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ከተማው ከውኃ በታች ነው፤ እሷ ግን አንድም በር አልጠፋባትም።

ስንመለስ ልጄ በመንገድ ላይ «እማ፣ የኛ ጎንደርስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

የነገርኳት ስለ መናኸሪያው፣ ስለ ፍተሻው፣ ስለ አዘዞ ብርድ ነው። ከዚያ በላይ የምነግራት አልነበረኝም። ሀቦባ ውኃ የዋጠውን ከተማዋን በር ለበር ታውቃለች። እኔ በቦታው የቆመውን የራሴን አላውቅም። የዛሬው ጽሑፌ የመጣው ከዚህ እፍረት ነው።

የምለውም ይኼ ነው። እኛ በዚህ መስመር የምንኖር ነጋዴዎች ጎንደርን በሕይወታችን አንድ ጊዜ እንደ እንግዳ ልንገባባት ይገባል። ጭነት ሳንይዝ፣ ዘመድ ቤት ወለል ላይ ሳንተኛ፣ በጥሩ ሆቴል፣ በጥሩ አስጎብኚ፣ ከልጆቻችን ጋር። ይኼን ቅንጦት ካላችሁት ቅንጦት ይሁን፤ ግን ዓመት ቀድሞ የሚታቀድ ቅንጦት ነው፤ እቅዱም ዛሬ ይጀመር።

አስቀድሜ ሁለቱን ከተሞች ላስተያይ። ሳን ሚጌል የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1542 ነው፤ ጎንደርን አፄ ፋሲል መናገሻቸው ያደረጓት በ1636 ነው። የሜክሲኮዋ ከተማ ያደገችው ከዛካቴካስ ማዕድን ብር ተጭኖ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በሚሄድበት የንጉሥ መንገድ ላይ ስለነበረች ነው። በቅሎ፣ ሸክም፣ ጠባቂ፣ ቀረጥ፤ ለእኛ አዲስ ነገር የለውም። ጎንደርም እንዲሁ ናት። ነገሥታቱ ግንቡን ሠሩ፣ የከተማዋን ኑሮ ያቆመው ግን ሲራራ ነጋዴው ነው። በመተማ በኩል ወደ ስናር ሰም፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ቡና ይወርድ ነበር፤ ያሳዝናል፣ ሰውም እንደ ዕቃ ይወርድ ነበር። የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሞች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዙ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ይመዘዛል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ የመጣው በስናር አድርጎ፣ እኛ በምንሄድበት አቅጣጫ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ በስናር ወርዷል። ይኼን ያህል ሰው በግመልና በበቅሎ ወራት ተጉዞ ሊያያት የመጣባትን ከተማ እኛ ወያላ እየተጣራ ስንቸኩል አልፈናታል።

ልዩነታቸውም መነገር አለበት። የሳን ሚጌልን ቤቶች ያሠሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው። የጎንደርን ግንብ ያሠሩት የራሳችን ነገሥታት ናቸው። ጎንደር ውስጥ «ኮሎኒያል» የሚባል ካለ የፒያሳው ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት፣ ጣሊያን በአምስት ዓመቱ የተከላቸው ሕንጻዎች ናቸው፤ ጣሊያኖችም በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ እጃቸውን የሰጡት እዚያው ጎንደር ነው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ሳን ሚጌል የገባችው በ2008 ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንቀድማለን። ይኼን ሁሉ አውርተን እንኮራለን። ኩራት ግን ትኬት አይቆርጥም። የሜክሲኮ ሰው አሮጌ ቤቱን አድሶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ ሰው ከሩቅ አገር አቅዶ እንዲመጣ አድርጓል። እኛ ደግሞ ከተማዋ በመንገዳችን ላይ ሆና «ሌላ ጊዜ» እንላለን።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ለጓደኞቼ ሳነሳው የሰማኋቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ገንዘብ ተረፈሽ ወይ?» የሚለው ነው። ዲፕሎማዬ በንግድ ሥራ ነውና በሂሳብ ልመልስ። ትምህርት ቤት የእርጅና ቅናሽ የሚባል ነገር ተምረናል። አንድ የጭነት መኪና በየዓመቱ ያረጃል፤ ብልህ ነጋዴ ያንን በመዝገቡ ላይ ይቀንሳል፣ ለጥገናም ያስቀምጣል። ጎማ እንለውጣለን፣ ዘይት እንቀይራለን። የነጋዴዋስ ጉልበት? ወገቧ፣ ዓይኗ፣ ትዕግሥቷ? በየትኛው መዝገብ ላይ ተቀንሶ ያውቃል? ከእኔ ጋር ከጀመሩት ሴቶች መካከል በሃምሳ ዓመታቸው ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው አሉ። አንድም ቀን ኢጃዛ ወስደው አያውቁም። ልጆቻቸው እናታቸውን የሚያስታውሱት ኬሻ ስትሰፋ ነው።

ከገንዘቡ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ጥሩ ሆቴል ደጃፍ ላይ ቆምኩ። አንድ ደንበኛ ቡና አዝዞኝ ነበር። ዘበኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ዕቃ ማስረከቢያው በኋላ በር ነው» አለኝ። አልተቆጣሁም። ዞሬ በኋላ በር ገባሁ፣ ብሬን ተቀብዬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ አለመቆጣቴ ነው። ያ የፊት በር ለፈረንጅና ከውጭ ለመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ እኔም አምኜ ነበር። ልጄ ያንን እንድትወርስ አልፈልግም። ከፍላ፣ ስሟን አስመዝግባ፣ ቁልፍ ተቀብላ በፊት በር የምትገባ እናት እንድታይ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመድ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ይኼ ነው። አዘዞ ያለችው አክስቴ በስልክ ስነግራት «ቤት እያለሽ ሆቴል? ምን አደረግሁሽ? ሰው ምን ይላል?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ልክ ናት፣ በባህላችን ዘመድ ቤት እያለ ሆቴል ማደር እንደ ስድብ ይቆጠራል። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። ከሱዳን የሄደ ሰው ዘመድ ቤት ሲያርፍ ማን ያርፋል? አክስቴ አልጋዋን ለቃልኝ መሬት ትተኛለች፣ ሌሊት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች። እኔ ጎረቤቱን ሁሉ ሳልም፣ ለዚህ ሽቶ ለዚያ ቶብ ስሰጥ፣ ያልደረሰው ሲያኮርፍ እውላለሁ። አራት ቀን ያልፋል፤ ሁለታችንም ደክመን እንለያያለን። ይኼ ዝምድና ነው፣ እወደዋለሁ፤ ዕረፍት ግን አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ከአራቱ ቀን አንዱ ሙሉ ለሙሉ የእሷ ነው፤ ቡናና ስኳር ይዤ ከልጆቼ ጋር ቤቷ እውላለሁ። ሌላ አንድ ቀን ደግሞ እሷ የእኔ እንግዳ ትሆናለች፤ ጎሃ ተራራ ላይ ባለው ሆቴል ሰገነት ላይ ተቀምጣ ከተማዋን ከላይ ታያለች፣ ሌላ ሰው ያፈላውን ቡና ትጠጣለች። ይኼን ስላት ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ጎሃ ወጥቼ አላውቅም» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሥሩ ኖራለች። ለካ ይኼ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጦርነቱ ነው፤ ይኼን በቀልድ የምናልፈው አይደለም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተነሳው እሳት ስንቶቻችንን እንደበተነ ታውቃላችሁ። ከጀዚራ ምሥራቅ የተፈናቀሉ ሰዎች ገዳሪፍም እዚህ ኒው ሀልፋም ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያድሩ አይተናል፤ ከእኛ ጋርም እንጀራ ተካፍለዋል። በዚያኛው በኩል ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ውጊያ ውስጥ ነው፤ የመተማና የጎንደር መንገድ ሰው የሚታገትበት መንገድ ሆኗል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ መንገዱ ሰላም ሳይሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በየብስ ሂዱ አልልም። ገንዘብም ለሕክምና፣ ለቤት ኪራይ፣ ለተፈናቀለ ወንድም ሲያስፈልግ ያ ይቀድማል። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም።

ግን ማቀድ ወጪ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ምን ይሆናል ብላችሁ ነው? የመጀመሪያው መኪና የሚጭነው ሰሊጥና ቡና ነው፣ እኛም እንደገና ኬሻችንን ይዘን መስኮት ዳር እንቀመጣለን። ያላቀደ ሰው ሰላም ሲመጣም አያርፍም። ሀቦባን አንድ ጊዜ «ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም አይታችሁት ነበር?» ብዬ ጠይቄአት ነበር። «ወንዙ ማዶ አባቴ ሊወስደኝ ቃል የገባልኝ ቦታ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዒድ ብሎ አቆየው» አለችኝ። የሚቀጥለው ዒድ የዋለው እዚህ ነው።

ጎንደርም ራሷ ያላየችው መከራ የለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያኖቿን አቃጥለዋል። በዓለም ጦርነቱ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ ግንቡም ተመትቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቆማለች። አስጎብኚው፣ ፎቶ አንሺው፣ የሆቴል አስተናጋጁ ግን ሰው ነው። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ የአሁኑ፤ ዓመት አልፎ ዓመት ጎብኚ ጠብቀዋል። ሰላም ሲመጣ ፈረንጅ እስኪያምን ጊዜ ይፈጃል። መንገዱን እኛ እናውቀዋለን፣ ቋንቋውም የእኛ ነው። መጀመሪያ የምንደርሰው እኛ ብንሆን ለእነሱም ለእኛም ይጠቅማል።

እንግዲህ እቅዱ ይኼውላችሁ። ለእኔ የሠራሁት ነው፤ እንደ አቅማችሁ ቀንሱበት ወይ ጨምሩበት።

መቼ? ፈረንጅ ጥቅምትና ኅዳር ይላል፤ ለምለም ነው፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። እኛ ግን ያኔ ሰሊጥ ላይ ነን። ጥምቀት ደግሞ ቢያዩት የማይጠገብ በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮም መዝግቦታል። ነገር ግን በጥምቀት አልጋ አይገኝም፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ሰዉም ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የፋሲል መዋኛ ጋ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው መሞቱን አስታውሱ። ትንንሽ ልጅ ላለው ለዕረፍት አይመከርም። ዐቢይ ጾም ላይ የሚጾም ሰው የጥሩ ሆቴል ምግብ ግማሹ ይቀርበታል። የእኔ ምርጫ ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። ያኔ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የዘር ወቅት ገና ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ማታ ማታ ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ለሀልፋ ሰው በግንቦት ጋቢ መልበስ ብቻውን ቅንጦት ነው።

ገንዘቡስ? አምስት ሴቶች ሆነን ሰንዱቅ ልንገባ ተስማምተናል፤ የጎንደር ዕቁብ ብለነዋል። ፓውንድ ይዞ መቆየት በረዶ ይዞ ፀሐይ ላይ እንደመቆም ስለሆነ ተራዋ የደረሳት ወዲያው ቀለበት ትገዛበታለች። ከንግዱ ካፒታል ጋር አይቀላቀልም፣ ከዚያም አይበደርም። ለጉዞው የተመደበው በሦስት ኪስ ይከፈላል፤ አንዱ ለማደሪያና ለምግብ፣ አንዱ ለመጓጓዣ፣ ሦስተኛው ለዘመድ ስጦታ። ሦስተኛው ኪስ ከመነሻው ይወሰናል፤ ሲያልቅ አለቀ፣ ከሌላው ኪስ አይወሰድም። ብዙዎቻችን የምንከስረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ልጨምር፤ ዕቃ አይያዝም። አንድ ካርቶን ቴምር ብቻ፣ አንድ ደርዘን ሽቶ ብቻ ካላችሁ ዕረፍቱ አበቃ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንድ ካርቶን ከያዝኩ ዓይኔ ግንቡን ትቶ ገዢ ይፈልጋል።

ሆቴል ስትይዙ ደውላችሁ እንደ ነጋዴ ጠይቁ። ቁርስ አለበት ወይ? ሙቅ ውኃ ሌሊትም አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል ወይ? ልጆች ከእናት ጋር ሲተኙ ይከፈልባቸዋል ወይ? የተነገራችሁ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል ወይስ ተካቷል? ይኼን አለመጠየቅ በመጨረሻው ቀን ፊት ያገረጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የአምናን ዋጋ ይዛችሁ አትሂዱ። የውጭ ገንዘብ የያዘ ሰው መግቢያ ላይ ያስመዝግብ።

መንገዱ እስኪስተካከል ደግሞ የአየሩን አማራጭ አስቡ። አዘዞ ያለው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለእኛ ዙር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ውጭ ያሉ ልጆቻችንና እህቶቻችን በዚያ በኩል ሊመጡ ይችላሉ፤ ያቺ የሜክሲኮ ተጓዥም «እኔም እመጣለሁ» ብላኛለች።

ቀኖቹን እንዲህ ደልድያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሠራም። ሙቅ ውኃ፣ እንቅልፍ፣ ማታ እራት። እኛ መሥራት እንጂ ምንም አለመሥራትን ስለማናውቅ ይኼኛው ይከብዳችኋል፤ ተለማመዱት።

ሁለተኛው ቀን የፋሲል ግቢ ነው፣ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከርር። ዘጠኝ መቶ ሜትር የሚሆን አጥር ውስጥ ከአፄ ፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተሠሩ ግንቦች አሉ። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ የአንበሶቹ ቤት። ልጆቹ በሮቹን በስማቸው ይቁጠሩ፤ እምቢልታ በር፣ እንኮዬ በር፣ አደናግር በር። አደናግር የፈታዮች በር ነው፤ ጥጥ የሚፈትሉ ሰዎች በንጉሥ ግቢ በር በስማቸው እንደተጠራላቸው ለሴት ልጄ ማሳየት እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ አስጎብኚ ቅጠሩ፣ ሂሳቡንም አትከራከሩ። ያለ አስጎብኚ ድንጋይ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ገንዳ በሌላ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ግን ጸጥታው ደስ ይላል፤ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ እጅ ጨብጦ ይዞታል።

ሦስተኛው ቀን የአክስቴ ነው፤ ጠዋት ግን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሄዳለን። ደርቡሽ ሲያቃጥል የተረፈው እሱ ነው፤ ንቦች ወጥተው አባረሯቸው ይባላል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ወደ ታች ያያሉ። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ አዲስ ዓለምን ሳያዩ እንዳይመለሱ፤ የዚህ ንግድ አያቶች ሰፈር ነው። ከቻላችሁ ቁስቋምም ውጡ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ብዙ ሰው አይደርስበትም።

አራተኛው ቀን ጎርጎራ ነው፣ ጣና ዳር። ጥንታዊው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የመጡት ካቶሊካውያን ያሠሩት ፍራሽም በአካባቢው አለ። በገበታ ለሀገር የተሠራው የመዝናኛ ስፍራም እዚያው ነው። አቅም ያለው አንድ ሌሊት ይደርበት፤ የሌለው ሐይቁ ዳር ዓሣ በልቶ ይመለስ።

ልጨርስ። ይኼን ሁሉ የጻፍኩበት ደብተር ሱቄ ውስጥ፣ ከዱቤ መዝገቡ አጠገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፈችው ልጄ ናት፤ «ጎንደር፣ አራት ቀን» ብላ በአማርኛም በአረብኛም። አንድ ነገር ደግሞ እኔ ነገርኳት። እዚህ ቦይ ውስጥ የሚወርደው ውኃ ከአትባራ ወንዝ ነው፤ አትባራ ደግሞ ላይ ላዩን ጓንግ ተብሎ ከጭልጋ፣ ከጎንደር ደጅ ይነሳል። «ታዲያ ውኃው በየቀኑ ይመጣል፣ እኛ ብቻ ነን የማንሄደው» አለችኝ።

ትናንት ለሀቦባ ቡናዋን ሳደርስ ስለ እቅዱ ነገርኳት። ሳቀችና እጄን ያዘችኝ። «ሂጂ» አለችኝ፣ «ስትመለሺ ግን ስለ ገበያው እንዳትነግሪኝ። ቤት በቤት ንገሪኝ።»